ተጣጥፎ የተለካው ወንበር

ጠቅላላ ነገሩ የአራት መኪና ቦታ ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ላይ የሚውሉ ናቸውና፣ ያን ሰኞ ጠዋት ምላጩን ሲያዘጋጅ ሐሳቡ ሁሉ እነሱ ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ብቻ አምስት ደንበኞች ማቆሚያ ፍለጋ ሕንፃውን ሁለቴ ሁለቴ ዞረው፣ በመስኮት እጃቸውን አውለብልበውለት ሄደዋል።

ቤቱ ሦስት ወንበር አለው፤ የሚሠራው አንዱ ነው። በእሱ ላይ የጎረቤቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባለቤት፣ ሰባ ሁለት ዓመት የሞላቸው ሽማግሌ፣ እስከ አንገታቸው ነጭ ጨርቅ ለብሰው፣ ጉንጫቸው አረፋ ሆኖ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው፣ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ፣ ኢንጂነሩ አለ። ጉልበቱ ላይ የተጠቀለለ ንድፍ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ። ፀጉር ሊቆረጥ አልመጣም። ፊርማ ሊወስድ ነው የመጣው።

የሕንፃው ተከራዮች ሰባት ናቸው። ባለፈው ዓመት ይኸው ኢንጂነር የጓሮውን መኪና ማቆሚያ እንደገና አስምሮ፣ ሃያ አራት የነበረውን ቦታ ሠላሳ አደረገላቸው። አሁን ደግሞ የፊቱን፣ የመንገዱን ዳር ሊሠራ ነው። የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ አቋርጣ የምትወጣ አንዲት የሲሚንቶ ተዳፋት አለች፤ እሷ ፈርሳ የእግረኛው መንገድ ከአስፋልቱ እኩል ይደረጋል፣ በቦታዋ አራት መኪና አፍንጫቸውን ወደ ሕንፃው አድርገው ይገባሉ። ከሰባቱ አራት ከፈረሙ ሥራው ነገ ጠዋት ይጀመራል። ሦስቱ ፈርመዋል። አራተኛው ምላጭ ይዟል።

«ዛሬ ፀሐይዋ ገር ናት… አይደል?» አሉ ሽማግሌው አገጫቸውን ወደ ላይ ሰጥተው። «ትናንት አናት ትበሳ ነበር። ይቺ ወንበርህ ግን ከፍ ዝቅ ማለቷን ትታለች ልበል? ግድ የለም፣ እኔም ትቻለሁ። ልጆች እንዴት ናቸው? ትልቋ ፈተናውን አለፈች ሲሉ ሰማሁ፤ እሰይ! ትማር፣ ትማር። ዘንድሮ የሚያስፈልገን የተማረ ሰው ነው። የተማረ ሰው ባይኖር እስቲ ይኼን ጓሯችንን ማን ያበላሽልን ነበር… ማለቴ፣ ያስተካክልልን ነበር። አረፋው አፌ ገባ መሰለኝ።»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ጉንጫቸው ላይ አሳረፈ። በመስታወቱ ውስጥ የሽማግሌው ዓይን እሱን አያየውም፤ በትከሻው ላይ አልፎ አግዳሚው ላይ ነው ያረፈው። እኚህን ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ላጭቷቸዋል። ሲቆጡ ችግር የለም፤ ይጮኻሉ፣ ይወጣላቸዋል። ድምፃቸው እንዲህ ሲለሰልስ ነው የሚፈራው።

«አንድ ሰው አለ…» አሉ። «ስሙን አልጠራም፤ መልካም ሰው ስሙ ሲነሣ ይሳቀቃል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት በዕድሜዬ አላየሁም። እኔ ምን አውቄ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት መንገድ ዳር ቆሜ የሰው መኪና የጠበቅሁ ነኝ፤ ትምህርት ቤቴ አስፋልቱ ነው። ሥራ ስፈታ እቆጥር ነበር። ሰው ከመኪና ለመውረድ ስንት ይፈጅበታል እያልኩ እቆጥራለሁ። ኮረዳዋ አራት ሳልል ወርዳ፣ በሩን ዘግታ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ሄዳለች። ልጅ ያቀፈ ሰው ሃያ። ሽማግሌ አርባ። ክራንች የያዘ ሰው… በሩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ይዤለት መቶ ድረስ ቆጥሬ አውቃለሁ። ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ፤ ነገም እኔ ጋ እንዲያቆም ብዬ ነው። እና በዚያ ድንቁርናዬ ምን ይመስለኝ ነበር መሰለህ? መኪና ማለት በር ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። በር ማለት ደግሞ የሚከፈት። አየህ፣ አለመማር ክፉ ነው ወዳጄ!»

ምላጩ ከጆሮ ግንዳቸው ወደ አገጫቸው ወረደ። እሳቸውም ምላጩ እስኪያልፍ ጠበቁና ቀጠሉ።

«እሱ ግን መጣ። እሑድ ቀን መጣ፤ ሕንፃው ተዘግቶ፣ ጓሮው ባዶ ሆኖ፣ የሚያውከው ሰው በሌለበት። ብልህ! ሰው ካለ እኮ ሥራ ይበላሻል። ሜትሩን ዘረጋ። የራሱን መኪና ለካ፤ አራቱም በር ተዘግቶ፣ መስኮቱ ሳይቀር ተዘግቶ። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ አይደል የሚባለው? እሱም አሥሬ ነው የለካው… አሥሬም ተዘግቶ። ከዚያ ከግራ ትንሽ፣ ከቀኝ ትንሽ ጨመረና ቀለሙን አሰመረ። ሃያ አራቱ ሠላሳ ሆነ! እኔ አንዲት ብሎን ከምንም ማውጣት አቅቶኝ ይኼው ሠላሳ አንድ ዓመት ሱቅ እከፍታለሁ። እሱ ስድስት መኪና ከአየር ላይ አወጣ።»

አግዳሚው ተንቋቋ። ኢንጂነሩ እግሩን ሲያነባብር ነው።

«ፍቅሩንስ አየኸው? ጓሮው ውስጥ የወረደውን ፍቅር? በፊት እኮ ማን ገባ፣ ማን ወጣ አንባባልም ነበር። ዛሬ ጠበቃው ከመኪናው ለመውረድ ጥርስ ሐኪሙን ደውሎ ያስፈቅዳል። ጥርስ ሐኪሙ ካልወጣ ጠበቃው አይወርድም፤ ጠበቃው ካልወረደ ፋርማሲስቷ አትገባም። ቤተ ዘመድ ሆነናል! ባለፈው ወር ጠበቃው ሲቸኩል ያደረገውን አላየህም? በኋላ በር! ከነከረባቱ! መቀመጫ ለመቀመጫ ተሻግሮ፣ በዕቃ መጫኛው በኩል… መጀመሪያ እግሩ ወጣ፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ ክብሩ መጨረሻ ላይ። ሃያ ዓመት ለዳኛ እንኳ ያላጎነበሰ ሰው ለአንድ መስመር ቀለም አጎነበሰ። እንዲህ ያለ ትሕትና የት ይገኛል?»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን ዋጠ። ምላጭ ይዞ አይሳቅም።

«ደግሞ እኔ እሱን የማማበት አፍ የለኝም፤ የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አይደለሁም። በፊት በወር ሦስት ስፖኪዮ ብሸጥ ነው። ጓሮው ከተሰመረ ወዲህ አርባ አንድ ሸጫለሁ። አርባ አንድ! የበር እጀታውን፣ የፓራውልቱን ቀለም ሳልቆጥር። ሌሊት ለጸሎት ስነሣ ከልጆቼ ስም ቀጥዬ የማነሣው እሱን ነው። እግዚአብሔር ያሳየው… ከቻለ።»

ይኼን ብለው አገጫቸውን ዝቅ አደረጉ። ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎት ደስ አለው። ቀልድ ነው፤ ቀልድ ይታጠባል፣ እንደ አረፋ። አሁን ፊታቸውን ይጠርግና፣ እጁን ያደርቅና፣ እንደ ቃሉ ይፈርማል። ቃል ገብቷል። ሁለት ቦታ ማለት በቀን አሥር ሰው ማለት ነው፤ አሥር ሰው ማለት ደግሞ ያ የተሰበረው ሁለተኛ ወንበር ይሠራል ማለት ነው።

ፎጣውን ሊያነሣ ሲል ሽማግሌው ሌላኛውን ጉንጫቸውን አዞሩለት። ገና አልተላጨም ነበር።

«ሥራው ሁሉ ይቅርና…» አሉ፣ ድምፃቸው ይበልጥ ለስልሶ። «ለደካማ ያለው ሐሳብ! እኔን እንባ እንባ የሚለኝ እዚያ ላይ ነው። ‹ዊልቸር ላለው ሰውም ቦታ ይኑር› አለ። ከአሳንሰሩ አጠገብ አንዱን ለየ። ሰማያዊ ቀባው፣ ወንበሩን በነጭ ሳለበት። ሥዕሉ ሲያምር! ክፈፍ ብቻ ነው የጎደለው። ከዚያ ‹በመኪናውና በግድግዳው መሃል ለወንበሩ ስንት ይበቃዋል?› ብሎ አሰበ። ሌላ ሰው ቢሆን በግምት ይሠራ ነበር። እሱ ግምት አይወድም። የሕንፃችን ክሊኒክ ክፍት በሆነ ቀን ተመልሶ መጥቶ፣ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ። ወንበሩን አገኘው። የተቀመጠበት ሰው የለም፤ ተጣጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። ነርሷ ‹ልዘርጋልዎት?› አለችው፤ ራሷ ናት የነገረችኝ። ‹አያስፈልግም፣ ልኩን ይዣለሁ› አላት። ሠላሳ ሳንቲ ሜትር! ጻፈ፣ ወረደ። በዚያ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ምራቂ ጨመረ። ሠላሳ አምስት። ምራቂ የሚጨምር ኢንጂነር የት አይተህ ታውቃለህ?»

ምላጩ ቆመ።

ፀጉር አስተካካዩ ይኼን አልሰማም ነበር። እሱ የሰማው በተከራዮች ስብሰባ ላይ፣ ከራሱ ከኢንጂነሩ አፍ፣ «የአካል ጉዳተኛው ቦታ በቦታው ላይ ተለክቶ የተሠራ ነው» የሚለውን ነው። ያን ቀን አጨብጭቧል። መስታወቱ ውስጥ አየ፤ ኢንጂነሩ የንድፉን ጫፍ በጣቱ እያሻሸ ወለሉን ያያል።

«ቀጥል እንጂ፣ ቀጥል፤ አረፋው እየደረቀብኝ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሐቅ ሐቅ ነው፤ ልኩ ልክ ነው! ሄደህ ሞክረው። ወንበሩ ያልፋል። ሽው ብሎ ያልፋል። ያላለፈችው ሴትዮዋ ናት። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የሷ ነዋ! ተጣጥፋ ብትመጣ ምን ነበረበት?»

«ሴትዮዋ» ማን እንደሆነች ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። የሽማግሌው ባለቤት ናቸው፤ በትዳር አርባ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። አምና ደም ግፊት ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው ዛለ። ሽማግሌው ማክሰኞ ማክሰኞና ዓርብ ዓርብ ሱቃቸውን ለሁለት ሰዓት ዘግተው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ክሊኒክ ለሕክምና እንቅስቃሴ ያመጧቸዋል። ፀጉር አስተካካዩ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ሱቃቸው ውስጥ ቆመው ብሎን በመጠን በመጠኑ ሲለዩ ነው የሚያውቃቸው፤ ዓይናቸው ሚዛን ነበር።

«አንዲት የማውቃት ሴት አለች» አሉ ሽማግሌው፣ ስለ ሩቅ ሰው እንደሚያወሩ። «ቀጭን ናት፣ ቦታ አታስቸግርም። ባሏ ግን ግትር ሽማግሌ ነው፤ ዘመናዊ ነገር አይገባውም። የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ እዚያ ሰማያዊ ሥዕል ላይ አስገባት። በሩን ከፈተ። በሩ ግድግዳውን ነካ። የተከፈተችው መዳፍ ታህላለች። ሴትዮዋ እጇን ሰደደች፤ እጇ ወጣ። ሌላው ሰውነቷ ቀረ። እንግዲህ ማቆሚያ አለኝ በካርታ፣ መውረጃ የለኝ ላንዳፍታ! ምን ያድርግ? የኋላ ማርሽ አስገባ፣ ወጣ፣ መሃል መተላለፊያው ላይ አወረዳት። ወንበሩ ላይ አስቀምጧት፣ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ኖሮ እሱን ሊያጠልቅላት ጎንበስ እንዳለ… አንድ ፒክአፕ ከላይ ወረደ።»

ፀጉር አስተካካዩ ያን ቀን የፍሬኑን ጩኸት ከዚህ ሆኖ ሰምቶታል። «ደግሞ ማን ከማን ተጋጨ?» ብሎ ደንበኛውን አስቆ ሥራውን እንደቀጠለ ትዝ አለው።

«በሾፌሩ አልፈርድም። ጥጉ ላይ ክብ መስታወት ነበረች፤ የሚመጣውን የምታሳይ። ስድስተኛው ቦታ ሲገባ እሷ ተነቀለች። አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይላሉ… አንገትማ አዞረ፤ የሚያየው ነገር ነው ያጣው። ብቻ ፍሬኑ ያዘለት። ከጉልበቷ ምን ያህል ቀረ መሰለህ? ለካሁት… ባሏ ማለቴ ነው፣ ባሏ ለካው። ስንዝር ተኩል። ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር በለው። አየህ? ያ ሰው የሰጣት ልክ፣ አንዲት ነጥብ ሳትጎድል በቃቻት! ይኼን ትንቢት እንጂ ምህንድስና ትለዋለህ?»

አሁን የሚሰማው የምላጩ ድምፅ ብቻ ነው። ሽማግሌው አንገታቸውን ሰጥተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉሮሯቸው ላይ አንዲት ጅማት ትመታለች። ፀጉር አስተካካዩ እሷን ላለመንካት እጁን አቀለለ።

«ሴትዮዋ መቆም ጀምራ ነበር፤ ነግሬሃለሁ? ብረቱን ይዛ። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሰከንድ። ከዚያ ሰባት። ከዚያ አሥራ ሁለት። ባሏ ሰዓቱን ይዞ ይቆጥርላታል፤ እሷ ትስቃለች፣ ‹ለብድር ነው የምትቆጥረኝ?› ትለዋለች። አርባ ሦስት ደረሰች። ሐኪሙ ሥልሳ ስትሞላ እርምጃ እንጀምራለን አለ። ከዚያች ማክሰኞ በኋላ ግን ‹አልወጣም› አለች። ሁለት ቀጠሮ ቀረ። ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ በመንገዱ በኩል፣ በዚህ በደጅህ፣ በተዳፋቷ ላይ አመጣት። ስትቆም… አሥራ ስምንት።» ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን አለበት? ቁጥር ነው። ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ስድስት ቦታ ስናተርፍ ሃያ አምስት ሰከንድ ብንከስር የሚቆጨው ሆዳም ነው።»

ኢንጂነሩ ተነሣ። ሁለት እርምጃ መጥቶ ንድፉን ከመስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ማበጠሪያዎቹን ወደ ጎን ገፍቶ ዘረጋው፤ እስክሪብቶውን ከላዩ አኖረ። ወረቀቱ መልሶ ሊጠቀለል ሲል በሁለት እጁ ያዘው። እንደያዘም ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

ሽማግሌው ዞር ብለው አላዩትም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ» አሉ ለመስታወቱ። «እኔ ከዚህ ሆኜ የሚታየኝ ወረቀቱ ብቻ ነው። እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው! መኪናዎቹ ተደርድረው ሲያምሩ። አንድ ሰው አልተሳለበትም፤ ሰው እኮ ንድፍ ያቆሽሻል። እግረኛውስ በየት ይሄዳል ብለው የሚጨቃጨቁ ይኖራሉ፤ ነገር ወዳዶች ናቸው። እግረኛ እግር አለው፣ አስፋልቱ ላይ ይውረድ፤ መኪናውም የእግረኛው መንገድ ላይ ይውጣ። መለዋወጥ ደግ ነው። ያቺ ተዳፋት ደግሞ ትፍረስ፣ ምን ታደርጋለች? ማን ሠራት? አንድ የማይረባ ሰው፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ የጎማ ጋሪውን ለማውጣት ብሎ በሁለት ከረጢት ሲሚንቶ ያደቦለቦላት ናት። ሜትር አላያትም። ለዚህም ይሆናል የምትሠራው። ከሕንፃው ሥር የሚቀረው ጠርዝ ሁለት ስንዝር ነው፤ ነገ ማክሰኞ ነው፤ ሴትዮዋ መጥታ ጠርዙን አይታ ትመለሳለች። ሃያ ዓመት ያላየችውን ዕረፍት ታገኛለች።»

ፀጉር አስተካካዩ የመጨረሻዋን መስመር ከከንፈራቸው በላይ ጠረገ። ፎጣውን በሙቅ ውኃ ነክሮ ጨመቀ፤ ፊታቸው ላይ አደረገላቸው። ፎጣው ሥር ሆነው እንኳ ድምፃቸው አልቆመም፤ ታፍኖ ነው እንጂ ይሰማል።

«አንተን ደግሞ አልፈርድብህም። ሁለት ቦታ ሁለት ቦታ ነው። እኔም በአንተ ዕድሜ ብሆን እፈርም ነበር፤ በሁለት እጄ። ደንበኛህ ደጅህ ላይ ገጭ አድርጎ ያቆማል፣ ይወርዳል… ከወረደ… ይገባል።» ፎጣውን በጣታቸው ጫን አደረጉ። «ለመሆኑ ይኼ በርህ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? ሃያ ሁለት ዓመት ስገባ ስወጣ ልብ አላልኩትም። እርጅና።»

ፀጉር አስተካካዩ ወደ በሩ አየ። ከዚያ ወደ ንድፉ አየ። የእሱን ቤት አገኘ፤ የኢንጂነሩ አውራ ጣት አጠገብ፣ በቀጭን መስመር የተሰመረ በር። ከበሩ ፊት ሁለቱ መኪናዎች። በበሩና በመኪናዎቹ አፍንጫ መሃል በትንንሽ ቁጥር የተጻፈ ልክ አለ። ጎንበስ ብሎ አነበበው። አርባ ሳንቲ ሜትር።

በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። ሁልጊዜም ወደ ውጭ ነው። ወደ ውስጥ እንዳይከፈት ደግሞ ያ የማይሠራው ሁለተኛ ወንበር አለ፤ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ ነው።

ቀና ብሎ ኢንጂነሩን አየው። ኢንጂነሩም በሩን እያየ ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ፤ እንደሚቆጥር ሰው።

በኋላ ሰው ሲጠይቀው ፀጉር አስተካካዩ «ለእትዬ ስል ነው» ማለት አማረው፤ አንድ ሁለቴም ብሏል። እውነቱን ግን እሱ ያውቃል። የአንዲት ሴት ጉልበት፣ የፒክአፕ ፍሬን፣ ከአርባ ሦስት ወደ አሥራ ስምንት የወረደ ሰከንድ ሰምቶ እጁ ገና ወደ እስክሪብቶው ሊሄድ ይችል ነበር። ያስቆመው የገዛ በሩ ነው። ሽማግሌውም ይኼን አስቀድመው ስለሚያውቁ ነው በሩን ለመጨረሻ ያስቀመጡት። ሰው መጀመሪያ በየትኛው በኩል እንደሚወርድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆመው ያዩ ሰው ናቸው። ፊቱ ጋለ። እጁን በሽርጡ ላይ ሁለቴ ጠረገ፤ የደረቀ እጅ ነበር።

የኢንጂነሩን ጣቶች ቀስ ብሎ ከወረቀቱ ላይ አነሣ። ወረቀቱ ለብቻው ተጠቀለለ። እስክሪብቶውን መሃሉ ላይ ሰክቶ፣ ለሰውየው መልሶ አስያዘው። ኢንጂነሩ ንድፉን በብብቱ ይዞ ወደ በሩ ሄደ። በሩን ገፋ። እስከ መጨረሻው ተከፈተና ውጪ ያለውን ግድግዳ ነካ። እሱም እዚያው ደፉ ላይ ቆሞ፣ ከእግሩ እስከ ጠርዙ ድረስ ያለውን መሬት በዓይኑ መለካት ጀመረ።

ሽማግሌው ፎጣውን ከፊታቸው አነሡ። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ በአንድ በኩል፣ ከዚያ በሌላው።

«እጅህ ይባረክ፤ ሳትቆርጠኝ ጨረስክ» አሉ። ጨርቁን ራሳቸው ፈትተው፣ አጣጥፈው፣ ክንዱ ላይ አኖሩለት። «እስቲ ሒሳቡን እንዝጋው። አራት መኪና ቀረ። ሁለቱ ያንተ ነበሩ፤ ከሰርክ። የእኔም ገበያ ቀዘቀዘ፤ ጓሮው እንደገና የተሰመረ ዕለት ስፖኪዮዬን አቧራ ይበላዋል፤ ከሰርኩ። ከተማው አራት መኪና የሚያቆምበት አጣ፤ ከሰረ። ያተረፈው እንግዲህ ማን ነው? አንዲት ሴትዮ፣ ነገ ጠዋት፣ አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ብትቆም። አንዲት ሰከንድ ናት ትርፉ። ንግድ ብለህ ብትጠይቀኝ ሞኝ ነው እንዲህ የሚነግደው።»

ከወንበሩ ለመውረድ ክንዱን ያዙት። ጊዜ ወሰደባቸው፤ ፀጉር አስተካካዩ ሳያስበው ይቆጥር ነበር፣ አርባ ላይ እግራቸው መሬት ነካ። ሽማግሌው በሩን አላዩም። ፊታቸው ወደ እሱ ነው፤ ድምፃቸው ግን ደፉን አልፎ ውጭ ድረስ እንዲሰማ ሆኖ ተስተካክሏል።

«ያን መልካም ሰው ካገኘኸው ግን ምርቃቴን አድርስልኝ። ቅያሜ የለኝም በለው፤ የእናት አባቴ አምላክ ምስክሬ ነው። ዕድሜ ይስጠው። የኔን ዓይነት ሰባ ሁለት አይደለም፤ ሰማኒያውን ይለፍ፣ ዘጠናውን ይድፈን። ጉልበቱ የደከመ ዕለት የሚገፋው ልጅ፣ የሚደግፈው የልጅ ልጅ አይጣ። ወንበሩም ያማረ፣ ጎማው አዲስ ይሁንለት። ደግሞም በሄደበት ሁሉ፣ በደረሰበት ደጅ ሁሉ፣ ከእሱ ቀድሞ ደርሶ መግቢያውን የሚለካለት… ልክ እንደ እሱ ያለ ባለሙያ አያሳጣው!»